ባዶ ሳፋ ሲመለስ፦ በኮምቦልቻ አንድ ስፌት ቤት ከመግፋት ወደ መሳብ የተሸጋገርንበት የሥራ ማስታወሻ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ሥራውን የጀመርሁት በመቁጠር ነው። ስፌት ቤቱ ኮምቦልቻ ውስጥ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ የሚገኝ የማኅበር ድርጅት ሲሆን፣ አንድ ቆራጭ፣ ስድስት ሰፊዎችና አንዲት ተኳሽ ይሠሩበታል። ዓመቱን ሙሉ የሚመረተው ለፋብሪካና ለመጋዘን ሠራተኞች የሚሆን ጋዋን ነው፤ መሸጫውም ደሴ ፒያሳ ያለው የማኅበሩ ሱቅ ነው። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ የጠሩኝ በአንድ ግልጽ ቅሬታ ነው፦ ቤቱ በጨርቅ ተሞልቶ መተላለፊያ ጠፍቷል፣ ሱቁ ግን የሚፈልገውን አያገኝም።

ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ወለሉ ላይ፣ ጠረጴዛ ሥር፣ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥና በማሽኖቹ መካከል ያለውን ያላለቀ ሥራ ሁሉ ቆጠርን። ተቆርጦ በእስር የታሰረና ገና መርፌ ያልነካው 250፣ በስፌት መስመሩ ላይ ተጀምሮ ያልተጨረሰ 182፣ በድምሩ 432 ጋዋን ሆነ። ከዚህ ውስጥ 96ቱ የቁልፍ ቀዳዳ ከሚሠራው ማሽን ፊት እንደ ክምር ገለባ ተቆልለው ነበር። ያለፉትን ስድስት ሳምንታት መዝገብ ስናይ ቤቱ በቀን በአማካይ 24 ጋዋን ያወጣል። ቆጠራውን ስንጨርስ ከደሴ ስልክ ተደወለ፦ ትልቅ ቁጥር ሰማያዊ ጋዋን 15 ፍሬ ይፈለጋል። ከ432ቱ መካከል ለመጨረስ የቀረበ ትልቅ ሰማያዊ አንድም አልነበረም።

ዛሬ ከተቆረጠው አንዱ እስር ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ። ክሩ ተተኩሶ በታጠፈ ጋዋን ላይ እስኪወጣ ድረስ ምንም ነገር እንዳልነካ ከእትዬ ጋር ተስማምተናል።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ሳምንቱን ያሳለፍሁት ሥራ የሚጀመርበትን ፈቃድ ማን እንደሚሰጥ በመከታተል ነው። እትዬ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚቀጥለውን ሳምንት ዕቅድ በአንድ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፤ ወረቀቱ የሚመሠረተው ባለፈው ወር ሽያጭ፣ በእጅ ባለው ጨርቅና በግምታቸው ላይ ነው። ቆራጩ ወረቀቱን ተቀብሎ ይቆርጣል፤ የተቆረጠው ወደ ኪስና ወደ ኮሌታ ይሄዳል፤ እዚያ ያለችው ሰፊ የደረሳትን ሠርታ ወደ ቀጣዩዋ ትገፋለች። ቀጣዩዋ ትችል ወይም አትችል፣ ሱቁ የሸጠው ያንኑ ዓይነት ይሁን ወይም ሌላ፣ የሚጠይቅ የለም። የመግፋት ሥርዓት የሚባለው ይህ ነው፤ ሥራው የሚንቀሳቀሰው ከፊት በሚመጣ ዕቅድ ሲሆን፣ ዕቅዱ ከተሳሳተ ስህተቱም አብሮ እየተገፋ እስከ መደርደሪያው ይደርሳል።

ይህን ስጽፍ የእትዬን ወረቀት ለማናናቅ አይደለም። በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ ፋብሪካዎች ለአሠርት ዓመታት የተመሩት በዚሁ አስተሳሰብ ነው። የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ባልደረባ ጆሴፍ ኦርሊኪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዳበረው የቁሳቁስ ፍላጎት ዕቅድ ስሌት መነሻው ተመሳሳይ ነው፦ መጨረሻ ላይ የሚፈለገውን ምርት ይተነብያል፣ ወደ ክፍሎቹ ይበትናል፣ እያንዳንዱ ክፍል ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ ወደ ኋላ ቆጥሮ መቼ መጀመር እንዳለበት ያዝዛል። ስሌቱ ንጹሕ ነው። ችግሩ የሚመጣው «ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ» ቋሚ ቁጥር ሆኖ ወረቀት ላይ ሲቀመጥ ነው፤ እውነተኛው ጊዜ ወለሉ ላይ በተከመረው ሥራ ልክ ይረዝማልና። እትዬ አንድ ጋዋን በአምስት ቀን ይደርሳል ብለው ያቅዳሉ፤ ሲዘገይ ደግሞ ቀደም ብሎ እንዲቆረጥ ያዝዛሉ፤ ክምሩ በዚያው ልክ ይጨምራል፤ መዘግየቱም ይብሳል።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ቀዩ ክር ዛሬ ወጣ። የየካቲት 12ን በዓልና እሑዶችን ስናወጣ ልክ 17 የሥራ ቀን ፈጅቷል።

ቁጥሩ አላስገረመኝም፤ ያስገረመኝ እትዬ የደነገጡት መደንገጥ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ጆን ሊትል በ1961 (እ.ኤ.አ.) በሒሳብ ያረጋገጠው ቀላል ሕግ አለ፤ በአንድ ሥርዓት ውስጥ ያለው ሥራ ብዛት በአማካይ ከሚወጣበት ፍጥነትና ውስጥ ከሚቆይበት ጊዜ ብዜት ጋር እኩል ነው። 432ን ለ24 ስናካፍል 18 ቀን ይመጣል፤ ክሩ የሰጠን 17 ነው። በአንጻሩ አንድ ጋዋን ከመቆረጥ እስከ መተኮስ የሚፈልገው የእጅ ሥራ በሰዓት ስለካው ወደ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። የቀረው ጊዜ ሁሉ ተራ መጠበቅ ነው። ለእትዬ በቡና ሰዓት ይህን ስነግራቸው ስኒውን አስቀምጠው «ታዲያ ሦስት ሳምንት የታሰረው ጨርቁ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቤም ነው» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልነበረኝም።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ቆረጣ ዛሬ ቆመ። የ250ዎቹ ጋዋን እስሮች በዓይነትና በቁጥር ተለይተው መጋዘን ገቡ፤ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ጥሬ ዕቃ ይቆጠራሉ። በመስመሩ ላይ ያለው 180 ያህል ሥራም አዲስ ሳይጨመርበት እስኪሳሳ ድረስ ይሠራል።

ቀኑ ከባድ ነበር። ቆራጩ፣ ከ20 ዓመት በላይ መቀስ የያዙና ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ጠረጴዛቸው ባዶ መሆኑን እንደ ውርደት ቆጠሩት። ጠዋት መጥተው ጨርቅ አልወጣም ሲባሉ ምንም ሳይናገሩ ወንበር ስበው በር ላይ ተቀመጡ። እኔም ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። «ልጄ፣ ሰው ደመወዝ እየበላ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ አያምርም» አሉኝ። መጋዘን ውስጥ ያለው ለ10 ቀን እንደሚበቃ፣ ዛሬ የሚቆርጡት ጨርቅ ማንም ሳይነካው ሁለት ሳምንት እንደሚተኛ፣ ከዚያም በላይ ገና ያልተጠየቀ ቁጥር ሆኖ ከተቆረጠ ጨርቁን ወደ ሌላ ቁጥር መመለስ እንደማይቻል ነገርኋቸው። ጥቅሉ ገና ሳይቆረጥ ትልቅም ትንሽም ሊሆን ይችላል፤ መቀስ ካለፈበት በኋላ ግን ምርጫው አልቋል። ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ነዋ» ብለው ተነሡ። ከሰዓት በኋላ ያረጁትን የካርቶን ፓተርኖች በአዲስ ሲገለብጡ አገኘኋቸው፤ የትልቁ ቁጥር እጅጌ ጠርዙ ተበልቶ ግማሽ ሳንቲም ያህል መጉደሉን ያወቁትም ያኔ ነው። ለስንት ዓመት እንደዚያው እንደተቆረጠ ማንም አያውቅም።

ግድግዳው ላይ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚለው የካይዘን (የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ) ፖስተር ከተለጠፈ ቆይቷል፤ ወለሉ ሲጸዳ ያየሁት ግን ዛሬ ገና ነው። ክምሩ ሳይነሣ መጥረጊያው የሚገባበት ቦታ አልነበረም።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ከሰኞ ጀምሮ የመሳብ ሥርዓት እንሞክራለን። በጃፓን ቶዮታ ውስጥ ታይቺ ኦኖ ያስፋፋው አሠራር ሐሳቡ የተወሰደው ከአሜሪካ የገበያ አዳራሽ መደርደሪያ ነው፤ ደንበኛ ያነሣው ዕቃ ቦታ ክፍት ይሆናል፣ ክፍቱን ያየ ሠራተኛ ያንኑ ያህል ይተካል። ፋብሪካ ውስጥ ለዚህ ምልክት የሚሆነው ካርድ ካንባን ይባላል። ለሰፊዎቹ ይህን ስነግራቸው መኪና ፋብሪካና ስፌት ቤት ምን አገናኛቸው የሚል ፊት አየሁ፤ ቶዮታን የመሠረተው የቶዮዳ ቤተሰብ ግን መጀመሪያ የታወቀው በመኪና ሳይሆን በሽመና ማሽን መሆኑን፣ ሳኪቺ ቶዮዳ በ1924 (እ.ኤ.አ.) ያጠናቀቀው አውቶማቲክ የሽመና ማሽንም ክር ሲበጠስ ራሱን ያቆም እንደነበር ስጨምር ነገሩ ወደ ቤታቸው ቀረበ።

ካርድ ግን እኛ ቤት አይበረክትም፤ ጨርቅ ሥር ይገባል፣ ልጅ ይጫወትበታል። ስለዚህ ምልክታችን ሳፋ እንዲሆን ወሰንን። አንድ የፕላስቲክ ሳፋ ስድስት ጋዋን ይይዛል፤ በጆሮው ላይ ቀለሙንና ቁጥሩን የሚናገር መለያ ይታሰርበታል። ሕጉ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፦ ባዶ ሳፋ በእጇ ያልያዘች ሰፊ አዲስ እስር አትከፍትም፤ ሳፋም ባዶ የሚሆነው በውስጡ ያለው ያለቀ ጋዋን ለሱቁ ሲወጣ ብቻ ነው። ባዶው ተመልሶ የመስመሩ መነሻ ላይ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያዋ ሰፊ መለያውን አንብባ ያንኑ ዓይነት እስር ከመጋዘን ትወስዳለች።

የሳፋው ብዛት እንደሚከተለው ተሰላ። ሱቁ በሳምንት በአማካይ 144፣ በቀን 24 ይወስዳል። አንድ ሳፋ መስመሩን ለመጨረስ ሦስት ቀን ይበቃዋል ብለን ገመትን፤ ለመጠባበቂያ ከመቶ 25 ጨመርን። 24 በ3፣ ሲባዛ በ1.25፣ ሲካፈል ለ6፣ ውጤቱ 15 ሳፋ ነው። ዛሬ ማታ መስመሩ ላይ የቀረው 62 ጋዋን 11 ሳፋ ውስጥ ገብቷል፤ አራቱ ባዶ ሆነው ሰኞን ይጠብቃሉ።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

አልሠራም። ሰኞ ጠዋት አራቱ ባዶዎች ተወሰዱ፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኪስና ኮሌታ የሚሰፉት ሁለቱ ሥራ ፈቱ፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደግሞ 10 ሳፋ ሞልቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ በመስመሩ ያለው 5 ብቻ ነው። እትዬ ከቢሯቸው ወጥተው የተቀመጡትን ሰፊዎች አይተው ወደ እኔ ዞሩ። የሰጡኝ ጊዜ በዚያ አስተያየት ውስጥ ሲያጥር ተሰማኝ።

ስህተቱ የእኔ ነው። ምርቱ ወደ ደሴ የሚጫነው ሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው፤ የሞላ ሳፋ መኪና እየጠበቀ እስከ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ሳፋው መደርደሪያ ላይ ሳለ ፈቃዱም አብሮ መደርደሪያ ላይ ታስሯል። እኔ ስሌቱ ውስጥ ያስገባሁት የስፌቱን ጊዜ እንጂ የመጠበቁን አልነበረም፤ መሆን የነበረበት ግን ሳፋው ሞልቶ ባዶ ሆኖ እስኪመለስ ያለው ሙሉ ዙር ነው።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ትናንት ያቀረብሁት መፍትሔ ሳፋውን ማብዛት ነበር፦ ሦስት ቀን ስፌት፣ ሦስት ቀን ጥበቃ፣ ድምሩ 6 ቀን፤ በዚያው ስሌት 30 ሳፋ ይሆናል። ጋሼ ሰምተው ሲጨርሱ «ክምሩን አውጥተህ በሳፋ ልትመልሰው ነው?» አሉ። ቀጥለውም ደሴ ከዚህ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ እንደሆነች፣ ሚኒባሱም ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ ሽቅብ ቁልቁል እንደሚል፣ የአንድ ቀን ምርት ለመጫን የራስ መኪና መጠበቅ እንደማያስፈልግ አስረዱ። ትክክል ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ ያለቀው ጋዋን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ይላካል፤ ጥበቃው ከሦስት ቀን ወደ አንድ ወረደ። 24 በ4፣ ሲባዛ በ1.25፣ ሲካፈል ለ6፣ 20 ሳፋ።

የኪራዩ ወጪ መጠነኛ ጭማሪ አለው፤ 60 ጋዋን ተጨማሪ ከማስተኛት ጋር ሲነጻጸር ግን እትዬ ሳያቅማሙ ተቀብለውታል። ክፍፍሉ ካኪ መካከለኛ 6፣ ሰማያዊ መካከለኛ 5፣ ሰማያዊ ትልቅ 5፣ ካኪ ትልቅ 4 ሆኗል። ትንሽ ቁጥር ሳፋ አልተመደበለትም፤ በወር አንዴ ወይም ሁለቴ የሚጠየቅን ነገር መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ መጠበቅ ትርጉም ስለሌለው ሲታዘዝ ብቻ ይሰፋል። ይህን የምጽፈው አንድ የሙያ ጓደኛዬ «መሳብ ማለት በትእዛዝ መሥራት አይደለም እንዴ?» ብሎ ስለጠየቀኝ ጭምር ነው። አይደለም። ሳፋው የሚተካው የተሸጠውን ነው፤ የሚቀጥለው ገዢ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ማወቅም አያስፈልግም። መግፋትንና መሳብን የሚለያቸው በመስመሩ ውስጥ ሊኖር የሚችለው ሥራ ጣሪያ ያለው መሆኑ ነው። እኛ ጋ ጣሪያው 120 ጋዋን ነው፤ በመግፋት ጊዜ ጣሪያው የቤቱ ግድግዳ ነበር።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ከስሌቱ ሁሉ ያስቸገረኝ የክፍያው ነገር ነው። ሰፊዎቹ የሚከፈላቸው በቁጥር ነበር፤ ኮሌታ የምትሰፋው በኮሌታ፣ እጅጌ የምትገጥመው በእጅጌ። በቁጥር የምትከፈል ሠራተኛ ባዶ ሳፋ አጥታ ስትቆም የምታጣው የራሷን እንጀራ ነው። ባለፈው ሳምንት ኮሌታ የምትሰፋው እህታችን ከማሽኗ ሥር 40 ኮሌታ በፌስታል ደብቃ ሰፍታ አገኘናት። ሕጉን ጥሳለች፤ ግን እኔ በእሷ ቦታ ብሆን 60 እሰፋ ነበር። ደመወዙ እየገፋ ሳፋው እንዲስብ መጠበቅ አንድን በሬ በሁለት አቅጣጫ እንደ መንዳት ነው።

ዛሬ ሁሉም በተገኙበት ሦስት ሰዓት የፈጀ ውይይት ተደረገ። መጨረሻ ላይ የተስማማንበት የሚከተለው ነው፦ እያንዳንዷ ያለፉት ሁለት ወራት አማካይ የቀን ገቢዋ እንደ መነሻ ተይዞ ይከፈላታል፤ ከዚያ በላይ ያለው ጭማሪ የሚሰላው መስመሩ በጋራ ጨርሶ ባወጣው ሙሉ ሳፋ ሲሆን፣ ለስድስቱም እኩል ይካፈላል። ፈጣኗ ሰፊ መጀመሪያ አኩርፋ ነበር። ተኳሿ «አብሽሪ፣ አንቺ ፈጥነሽ እኔ ጋ ሲከመር ምን አለቀልሽ?» አለቻትና ሣቅ ሆነ፤ ግን ኩርፊያው ሙሉ በሙሉ አልሄደም፤ መዝገቡ ላይ ይኑር።

ከዚህ በኋላ ሥራ የፈታች ሰፊ ሁለት ምርጫ አላት፤ ወደ ተጨናነቀችው ሄዳ ትረዳለች፣ ወይም ማሽኗን ታጸዳለች።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

የረመዳን ወር አለፈ፤ ዒድም ተከበረ። ከሰፊዎቹ አራቱ ጾመኞች ስለነበሩ ለማፍጠር ቀደም ብለው ይወጡ ነበር፤ የቀኑ ምርት ወደ 20 ወርዶ ቆየ። በአሮጌው አሠራር ይህ ማለት ዕቅዱ በየሳምንቱ 144 እየጻፈ፣ ቆራጩ 144 እየቆረጠ፣ በወሩ መጨረሻ ወደ 100 የሚጠጋ ተጨማሪ ክምር ነበር። አሁን ማንም ዕቅድ አልቀየረም። መስመሩ ሲዘገይ ሳፋው ዘግይቶ ተመለሰ፣ እስርም በዚያው ልክ ዘግይቶ ወጣ። ሱቁ በሁለት ቀን የካኪ መካከለኛ እጥረት ገጥሞታል፤ ይህን መሳብ አያድነውም፤ አቅም ሲቀንስ ምርት ይቀንሳል፣ ልዩነቱ ጉድለቱ ያለ ክምር መምጣቱ ነው።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

ዛሬ የሆነው ቢበዛ የግማሽ ሰዓት ጉዳይ ነው፤ ሆኖም ብዙ ይናገራል። እጅጌ የምትገጥመው ሰፊ አንድ ሳፋ ይዛ ወደ ጋሼ ጠረጴዛ መጣች። እጅጌውን ከትከሻው ጋር ስታጋጥመው ሁለቱ ምልክቶች አልገጠሙም፤ የእጅጌው ምልክት ወደ ፊት አንድ ጣት ያህል አልፎ ተቆርጧል፤ ከተሰፋ እጁ ወደ ኋላ ይጠመዘዛል። ጋሼ ጨርቁን ሁለት አጥፈው በብርሃን በኩል አዩትና አዲሱን ፓተርን አነሡ፤ ሲገለብጡ ምልክቱን የወሰዱት ከተበላው ጠርዝ ኖሯል። በዚያ ስህተት የተቆረጡት ሁለት እስር፣ 12 ጋዋን ብቻ ነበሩ። እጅጌዎቹ ብቻ በድጋሚ ተቆረጡ፤ ፓተርኑም ተስተካከለ።

በየካቲት ቢሆን ያ ስህተት ለ10 ቀን ያህል ክምር ውስጥ ተኝቶ፣ መርፌ ሲነካው ከ200 በላይ ጋዋን በተመሳሳይ ሁኔታ ተቆርጦ ይገኝ ነበር።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ በየሳምንቱ ሳፋ እየቀነስን ነው፤ እስከ 17 ወርደናል። ጣሪያው 102 ጋዋን፣ በቀን 24 ሲካፈል 4.25 ቀን። ሳፋ የሚቀነሰው ለቁጠባ ብቻ አይደለም፤ ክምሩ ሲሳሳ የተደበቀው ይወጣል። 17ኛው ላይ ስንደርስ የቁልፍ ቀዳዳ ማሽን ፊት ሦስት ሳፋ በቋሚነት መቆም ጀመረ። ያኔ በየካቲት 96 ጋዋን የተከመረበት ቦታ ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉም ቦታ ክምር ስለነበር ማንም አልጠረጠረውም። ማሽኑን ስንፈትሸው ቀዳዳውን የሚበጣው ስለት ደንዝዞ ነበር፤ ክሩን አቆራርጦ ስለሚተው ሰፊዋ እያንዳንዱን ቀዳዳ በትንሽ መቀስ ታጸዳ ነበር፤ አንድ ጋዋን ላይ ስድስት ቀዳዳ አለ። ስለቱ ተቀየረ። እሷ ይህን ሥራ የሥራዋ አካል አድርጋ ስለቆጠረችው አንድም ቀን አላነሣችውም።

መብራት ሲጠፋም እንዲሁ ነው፤ ቀድሞ ክምሩ ላይ እጅ ሥራ እየተሠራ ይታለፍ ነበር። አሁን አንድ ሰዓት መብራት ከጠፋ በማግስቱ ሱቁ ያውቀዋል። ይህ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ በሚለው ከእትዬ ጋር ገና አልተግባባንም፤ እሳቸው ሁለት ሳፋ መልሰን እንድናስገባ ይፈልጋሉ፣ ምክንያታቸውም ከንቱ አይደለም። ለጊዜው አንድ አስገብተን 18 ላይ ቆመናል።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ሰማያዊ ትልቅ እንደገና ጠፋ። ሁለት ቀን ስሌት ሳገላብጥ ቆይቼ በመጨረሻ ሳፋዎቹን አንድ በአንድ ስቆጥር 17 ሆኑ። አንዱ ከሱቁ ሳይመለስ ቀርቷል፤ ልጆቹ ልብስ ማጠቢያ አድርገውታል። ሳፋው ፈቃድ በመሆኑ እሱ ሲጠፋ ስድስት ሰማያዊ ጋዋንም ያለ አንድ ቃል ከሥርዓቱ ወጥተዋል። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ሳፋ በቀይ ቀለም ከ1 እስከ 18 ተቆጥሮበታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ቆጠራ ይደረጋል።

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ

የደንብ ልብስ ጉዳይ መጥቷል፤ እዚህ ላይ የሳፋው ሥርዓት አቅሙ ያልቃል። በማኅበሩ መዝገብ መሠረት ባለፈው ዓመት በነሐሴ የመጨረሻ ሦስት ሳምንታት 900 የተማሪ ሱሪ ተጠይቋል። አንድ ሱሪ አንድ ሰዓት ያህል ሥራ ይፈልጋል፤ ቤቱ በቀን ያለው የስፌት አቅም 40 ሰዓት ነው፤ ጋዋን ሙሉ በሙሉ ቢቆም እንኳ በ18 የሥራ ቀን 720 ብቻ ይወጣል። የተሸጠውን ብቻ እንተካለን ብለን እስከ ነሐሴ ብንጠብቅ ወላጆች ሌላ ቤት ይሄዳሉ። ጨርቁም ቢሆን ከውጭ በጅቡቲ በኩል የሚገባ በመሆኑ ከአዲስ አበባ የሚገዛው በግምት፣ ቀድሞ ነው። እትዬ የድሮ የዕቅድ ወረቀታቸውን ከመሳቢያ አውጥተው በፈገግታ ጠረጴዛው ላይ ሲያኖሩት የምከራከርበት ነገር አልነበረኝም።

የቀረው ጥያቄ መግፋቱ የት ድረስ እንደሚሄድና መሳቡ ከየት እንደሚጀምር ነው። ሸሚዙ በየትምህርት ቤቱ ቀለሙ ስለሚለያይ ትእዛዝ ሳይመጣ አይቆረጥም። ሱሪው ግን ደንበኞቻችን የሆኑት ትምህርት ቤቶች የሚጋሩት ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ስለዚህ 600 ሱሪ በዕቅድ፣ በሁለት ጊዜያዊ ሰፊዎች፣ በቀን 15 እየሆነ ከሰኔ 9 እስከ ሐምሌ መጨረሻ ይሰፋል። ጋሼ በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመሩ፦ እግሩ ሳይታጠፍ ይቀመጥ። በወገብ አራት ቁጥር ብቻ ይሰፋል፤ ቁመቱ ልጁ ሱቅ ሲመጣ ተለክቶ እዚያው ደሴ ላይ ይታጠፋል። በወገብ ቁጥርና በቁመት ለያይተን ብንሰፋ 12 ዓይነት ሱሪ መተንበይ ነበረብን፤ አሁን የምንተነብየው 4 ነው። የቀረው 300 በነሐሴ ሱቁ በሚመልሰው ሳፋ ይመራል።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

የዛሬው ቆጠራ፦ በመስመሩና በመደርደሪያው 104 ጋዋን፣ መጋዘን ውስጥ ተቆርጦ የታሰረ 48። ማክሰኞ ሌላ ቀይ ክር አስሬ ነበር፤ ዛሬ ማታ በአራተኛው ቀን ወጣ። የቀን ምርቱ 25 ነው፤ ከየካቲት ጋር ሲነጻጸር የጨመረው አንድ ጋዋን ብቻ ስለሆነ ምርት ጨምሯል ብዬ አልጽፍም። ኮሌታ የምትሰፋው እህታችን የጋራ ጭማሪው በሰኔ መጨረሻ እንዲከለስ ጠይቃለች፤ ቀጠሮ ተይዟል።

ለሱሪው የሚሆኑ 8 ሳፋዎች ተገዝተዋል። ከጋዋኑ ጋር እንዳይቀላቀሉ ቀለማቸው አረንጓዴ ነው፤ ለጊዜው ግን ተደራርበው መጋዘን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የሚወጡት በነሐሴ ነው። ጋሼ ሰኞ ጠዋት የሚዘረጉትን ጨርቅ ዛሬ ማታ ለክተው ጠረጴዛው ላይ ትተው ሄደዋል።